ጋዝ ከመሙላት በፊት፦ የመኪና ኤሲ ሙቀቱን በምን ያውቃል?

ባሕር ዳር ላይ ለጋራዥ ባለሙያዎችና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ።

ኤሲው አልቀዘቅዝ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ የሚታዘዝለት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ጋዝ ይሞላ»። ይሞላል። ጥቂት ቀን ደህና የሆነ ይመስላል፣ ወይ ጭራሹን ይብስበታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ የምናወራው ጋዙ ሙሉ፣ ኮምፕረሰሩም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኤሲው ለምን እንደሚሳሳት ነው። የማወራው ዲግሪ ስለሚሞላበትና «አውቶ» የሚል ቁልፍ ስላለው ኤሲ ነው። ይህ ኤሲ የሚወስነው ሴንሰሮቹ በነገሩት ልክ ነው፤ እነሱ ከዋሹት ምንም ያህል ጋዝ ብትሞሉለት አይታረምም።

አሠራሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ብሎወሩ የሚገፋው አየር መጀመሪያ ኢቫፖሬተሩን ያልፋል፤ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱንም ያራግፋል። ቀጥሎ ያለው ሂተር ነው። በሂተሩ ውስጥ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ የሚደርስ የሞተር ውሃ ይዞራል። በሁለቱ መካከል አንዲት የፕላስቲክ መዝጊያ አለች፤ ምን ያህሉ አየር በሂተሩ በኩል፣ ምን ያህሉ በጎን እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት። መቀላቀያ በር እንበላት። ሻወር ቤት ሙቁንና ቀዝቃዛውን ቧንቧ እንደምታመጣጥኑት ማለት ነው። ስለዚህ ከመውጫው የሚመጣው ለስለስ ያለ 18 ዲግሪ አየር፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ 5 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከዚያ መልሶ የሞቀ አየር ነው። ብክነት ይመስላል፤ ግን መስታወቱ ጉም የማይዝበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ አንድ ስሌት ይሠራል፦ ከመውጫው የሚመጣው አየር ስንት ዲግሪ ይሁን? ሹፌሩ የሞላው ቁጥር ውጤቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ የጋቢናው ሙቀት፣ የውጭው ሙቀትና የፀሐዩ ጉልበት ወደ ታች ይጎትቱታል። ሁሉም እኩል አይመዝኑም። ሹፌሩ የሞላው ቁጥርና የጋቢናው ሙቀት ከባዶቹ ናቸው፣ ውጩና ፀሐዩ ማስተካከያ ናቸው። ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ውሎ ጋቢናው የጋለ መኪና ውስጥ ገብታችሁ 22 ብትሞሉ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሊወጣ ይችላል። ከዜሮ በታች የሆነ አየር አይመጣም፤ ትርጉሙ «ያለህን ቅዝቃዜ ሁሉ አምጣ» ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀዝቃዛው ይዞራል፣ ብሎወሩ ያጓራል፣ የውጭ አየር ማስገቢያውም ይዘጋል። ጋቢናው ወደ 22 እየተጠጋ ሲመጣ ውጤቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሩ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ብሎወሩም ረገብ ይላል።

አሁን ወደ ሴንሰሮቹ። ከፀሐዩ በቀር ዋናዎቹ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው (ኤሌክትሪክ የመግታት አቅማቸው) የሚቀንስ፣ ሲቀዘቅዙ የሚጨምር ትንንሽ ፍሬዎች። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክላቸዋል፣ ከሚያነበው ቮልት ተነስቶ ዲግሪውን ያሰላል። ሽቦው ከተበጠሰ የሚያነበው «ከባድ ብርድ» ብሎ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ካደረጉ ደግሞ «እሳት» ብሎ ያነባል። እነዚህ ሁለቱ ቀላል በሽታዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደርስባቸዋል፣ የብልሽት ኮድ ይመዘግባል፣ ብዙ መኪኖችም በጠፋው ሴንሰር ፋንታ ቋሚ ቁጥር ተክተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጋራዥ የሚያንከራትተው ዝገት ነው።

በቁጥር እንየው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የጋቢናው ሴንሰር በ25 ዲግሪ 1.7 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ በ50 ዲግሪ ወደ 0.6 ይወርዳል። ሶኬቱ አረንጓዴ ዝገት ይዞ 500 ኦም ጨመረበት እንበል። ኮምፒውተሩ አሁን የሚያየው 2.2 ኪሎ ኦም ነው፤ ለእሱ ይህ 19 ዲግሪ ገደማ ነው። ጋቢናው በእውነት 25 ነው፣ ሹፌሩ 22 ሞልቷል። ሹፌሩ እያላበው ኤሲው «3 ዲግሪ ጎደለ» ብሎ የሙቀቱን በር ይከፍታል። ኮድ የለም፤ 19 ዲግሪ በማንኛውም ጤነኛ መኪና ውስጥ ሊገኝ የሚችል ቁጥር ስለሆነ ኮምፒውተሩ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። ጋዝ ብትለኩ ሙሉ ነው። ሴንሰሩን ነቅላችሁ ብትለኩት እሱም ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው ሶኬቱ ላይ ነዋ! ስለዚህ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዴ በሴንሰሩ እግር ላይ፣ አንዴ ደግሞ ሴንሰሩን መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሶኬት ነቅላችሁ በዚያ በኩል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ መካከል ያለውን ሽቦና ሶኬት ፈትሹ። ክረምቱን በሙሉ ምንጣፉ እርጥብ ሆኖ የሚከርም መኪና ላይ ይህን ሳታዩ አትለፉ።

የጋቢናው ሴንሰር ሌላም ጠባይ አለው። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በመሪው አካባቢ፣ ትንሽ ወንፊት ያላት ቀዳዳ ታያላችሁ። ሴንሰሩ ከኋላዋ ነው። ቀዳዳዋ ግን ዝም ብላ የተቀመጠች አይደለችም፤ አየር ትስባለች። ከኋላዋ ወደ ኤሲው ሳጥን የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ብሎወሩ ሲሠራ በዚያ ቱቦ በኩል የጋቢናው አየር ሴንሰሩ ላይ እያለፈ ይሳባል። በአንዳንድ መኪና ደግሞ ሥራው የትንሽዬ ፋን ነው። ቱቦው ከወለቀ ሴንሰሩ የሚለካው የሰውን አየር ሳይሆን ከዳሽቦርዱ ጀርባ የታመቀውን ሙቀት ነው። ያኔ ኤሲው ማቆሚያ ያጣል፤ ተሳፋሪው እየተንቀጠቀጠ እሱ ማቀዝቀዙን አይተውም።

ቱቦው የሚወልቀው መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ቴፕ ሲቀየር። ባለ ትልቅ ስክሪን ቴፕ የሚገጥሙ ልጆች ዳሽቦርዱን ሲፈቱ ቱቦው ከቦታው ይወጣል፣ ቴፑ ስለሠራ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ብሎወሩን ከፍ አድርጉ፣ ከሶፍት ላይ የጥፍር ያህል ቅደዱና ወንፊቷ ላይ አስጠጉት። ተስቦ ከተለጠፈ ቱቦው ደህና ነው። ከወደቀ ቱቦው ወልቋል፣ ወይ ወንፊቷ በአቧራ ተደፍናለች። ከደረቅ አፈር መንገድ የሚመጣ መኪና ላይ የኋለኛው ያመዝናል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ በኮምፕረሰር አየር ነፍታችሁ አቧራውን ወደ ውስጥ አትግፉት።

የፀሐዩ ሴንሰር ከዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለች ጥቁር ጉብታ ናት። የምትለካው ብርሃን ነው። ፀሐይ ደረትና ክንድ ላይ ሲያርፍ የጋቢናው አየር ገና ሳይሞቅ ሰውዬው ይሞቀዋል፤ እሷ ቀድማ ትናገራለች። ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 13 አካባቢና ነሐሴ 16 አካባቢ። ነሐሴን ደመናው ይሸፍነዋል። የሚያዝያው ግን ከዓመቱ ሞቃት ቀናት ጋር ይገጥማል፣ የሴንሰሯም ሥራ ያኔ ይበዛል። በከተማው ዘንባባ ሥር ስትነዱ ጥላና ፀሐይ በየሰከንዱ ይፈራረቃሉ፤ ኤሲው አብሮ የማይወዛወዘው ኮምፒውተሩ ንባቡን እያለዘበ ስለሚወስደው ነው።

ታዲያ እኛ ይህችን ሴንሰር ምን እናደርጋታለን? እንሸፍናታለን። ዳሽቦርድ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ በላዩ የሶፍት ሳጥን ይቀመጣል፣ አጠገቡ ሥዕል ይደረጋል። ለኮምፒውተሩ ሌሊት ሆነለት። ጨርቁን ማንጠፍ ከፈለጋችሁ በሴንሰሯ ልክ ቀዳዳ አውጡለት፣ በመስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መውጫም አትዝጉት።

የውጩ ሴንሰር ከፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ ከሚጥለው ከኮንደንሰሩ ፊት ለፊት ይሰቀላል። መኪናው ሲቆም የሞተሩ ሙቀት ወደ እሱ ይመጣል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቁጥሩ ወደ ላይ ሲወጣ ቶሎ አያምንም፣ መኪናው ፍጥነት ይዞ ንጹህ አየር እስኪያገኝ ይጠብቃል። ቆማችሁ ስትነሱ ቁጥሩ ለጥቂት ደቂቃ ዝግ ቢል በሽታ አይደለም። በሽታው መኪናው ከፊት ተጋጭቶ ከተጠገነ በኋላ ይመጣል። ሴንሰሩ ማንጠልጠያው ተሰብሮ ወደ ራዲያተሩ ሲጠጋ ባሕር ዳር 45 ዲግሪ ትሆናለች። ሶኬቱ ሳይሰካ ከቀረ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቋሚ ቁጥር በማይተኩ መኪኖች ኮምፒውተሩ ውጩ ከዜሮ በታች 30 ወይም 40 ነው ብሎ ያምናል፣ በዚያ ብርድ ደግሞ ኮምፕረሰር ማስነሳት ክልክል ነው። ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ማግኔት አይይዝም። እዚህ ላይ ጋዝ የሚሞላ ሰው ጋዙን ማባከኑ ነው።

አራተኛው ኢቫፖሬተሩ ላይ ነው፤ በክንፎቹ መካከል የተሰካች ቀጭን ዘንግ። ሥራዋ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ መጠበቅ ነው። ዲግሪው ከ1 እስከ 3 ባለው መካከል ሲደርስ ኮምፕረሰሩ ይቆማል፣ ትንሽ ሲሞቅ ይመለሳል። ከቦታዋ ከወጣች፣ ወይም ከእውነቱ በላይ ሙቀት ካነበበች ኮምፕረሰሩ አይቆምም። መጀመሪያ ግሩም ይቀዘቅዛል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚወጣው አየር እየሳሳ ይሄዳል፣ ብሎወሩ ግን ድምፁ ያው ነው። ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሆኖ ተዘግቷል። አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ ብትጠብቁ ውሃው ከመኪናው ሥር ይፈስሳል፣ ነፋሱም ይመለሳል። ይህን ምልክት የሚናገር ደንበኛ ሲመጣ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ከማንሳታችሁ በፊት ሴንሰሩን እዩ፤ የጋቢናውን ፊልተርም እዩ፣ የተደፈነ ፊልተር ራሱ ይህንኑ ያመጣል።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ የበለጠ ያታልላል። በብዙ ቶዮታዎች ይህ ሴንሰር በ0 ዲግሪ 4.8 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ በ15 ዲግሪ 2.3 አካባቢ ያሳያል። ኢቫፖሬተሩ 8 ዲግሪ ላይ ሲሆን ወደ 3.2 ማሳየት አለበት። ዝገት 1.2 ከጨመረበት 4.4 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ከ2 ዲግሪ በታች ወርዷል ብሎ ማግኔቱን ይለቅቀዋል። መውጫው ላይ ያለው አየር ለብ ያለ ነው፣ ማግኔቱ ቶሎ ቶሎ ይይዛል ይለቃል። ቶሎ ቶሎ የሚለቅ ማግኔት ደግሞ በእኛ ዘንድ «ጋዝ አንሶት ነው» ተብሎ ተፈርዶበታል። እርግጥ ጋዝ ሲያንስም እንዲሁ ይሆናል። መለያው ይህ ነው፦ ማግኔቱ በለቀቀበት ቅጽበት ዝቅተኛውን ጌጅ እዩ። ግፊቱ መደበኛ ሆኖ ሳለ ከለቀቀ ያቆመው ሴንሰሩ ነው።

ስለ ጌጅ ከተነሳ፣ ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ናት፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉና ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች የሚናገሩት ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ጌጁ የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ አር 134 ኤ ለተባለው የኤሲ ጋዝ በ0 ዲግሪ 28 ፒኤስአይ የሚለው እዚህ ወደ 31 ይጠጋል። ይህ ትንሽ ነው፣ ይታለፍ። ቫኩሙ፣ ማለትም ጋዝ ከመሙላት በፊት አየሩን በፓምፕ መጥጦ ማውጣቱ፣ ግን አይታለፍም። መጽሐፉ ወደ 29 ኢንች አውርድ ይላል። እዚህ ከተማ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ጌጁ ከ24 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ከላያችን ያለው አየር ያን ያህል ነውና። «ፓምፑ ደክሟል» ተብሎ ጤነኛ ፓምፕ ይጣላል፣ ወይም «ቀዳዳ አለው» ተብሎ ጤነኛ ቱቦ ይፈታል። 24 አካባቢ ከደረሰ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ውሃው ተንኖ የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ፓምፑን ዘግታችሁ ቁጥሩ እንደቆመ መቆየቱን አረጋግጡ።

የሳሳው አየር ኮንደንሰሩንም ይጎዳዋል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር በክብደት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደካማ ፋንና በአቧራ የተደፈነ ኮንደንሰር እዚህ ቶሎ ይጋለጣሉ። ከፍተኛው ግፊት ወደ 31 ባር ሲጠጋ የግፊት ሴንሰሩ ኮምፕረሰሩን ያቆመዋል። ከልክ በላይ ጋዝ የተሞላ መኪና ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ኤሲው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ብዙ መኪኖች ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ወይም ሞተሩ ሲግል ኮምፕረሰሩን ሆን ብለው ያቆሙታል፣ ዳገቱ ሲያልቅ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን መኪና ምንም አታድርጉት።

መቀላቀያዋን በር የምታዞር ትንሽ ሞተር አለች፣ ውስጧ የፕላስቲክ ጥርስ አለ። ጥርሱ ሲሰበር ቁልፍ ስትከፍቱ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዱ ወገን ሲቀዘቅዝ ሌላው ሲሞቅም እሷን ጠርጥሩ። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ አንዳንድ መኪና የበሩን ጫፍና ጫፍ እንደገና መማር አለበት፤ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጋችሁ ምንም ሳትነኩ ጥቂት ደቂቃ ተዉት።

የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት የማውጣት ልማዳችንንም እዚህ ላይ ላንሳ። «አገሩ ሞቃት ነው» ተብሎ ይወጣል። ከዚያ መንገድ ላይ ውሃው 80 ሳይደርስ ይቀራል። በእንጅባራ ብርድ ሂተሩ ለብ ከማለት አያልፍም፣ የመስታወቱ ጉምም አይለቅም። ብዙ አውቶ ኤሲ ደግሞ ውሃው እስኪሞቅ ብሎወሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ሹፌሩ ብሎወሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ቴርሞስታቱን መልሱት።

በመጨረሻ የኮድ ማንበቢያ ስካነር ለሌላችሁ። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ራሳቸውን ይመረምራሉ። አውቶንና የውስጥ አየር ማዞሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ጫን ብላችሁ እንደያዛችሁ የመኪናውን ማስነሻ ቁልፍ ወደ ኦን አዙሩ። መብራቶቹ 4 ጊዜ ብልጭ ካሉ በኋላ ኮዱ ይወጣል። 00 ጤነኛ ነው፤ 11 የጋቢናው፣ 12 የውጩ፣ 13 የኢቫፖሬተሩ፣ 21 የፀሐዩ ሴንሰር ነው። 23 ከመጣ ወደ ግፊቱ ሂዱ። ተጠንቀቁ፦ ጥላ ባለው ጋራዥ ውስጥ 21 ያለ ምንም ብልሽት ይወጣል፣ ብርሃን ስለሌለ። የጋራዡ ኤልኢዲ መብራት አይበቃውም። መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጡና ድገሙት፣ ወይም የድሮውን 60 ዋት አምፖል በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስጠጉለት።

ከተነሱት ጥያቄዎች

«ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ዝቅተኛው ላይ ባደርገው ይሻላል?» ለሚለው፦ በጋለ መኪና ውስጥ 22 ብትሞሉም ኤሲው ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፣ ከዚያ የሚጨምረው የለም። የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ስታደርጉት ብዙ መኪኖች ስሌቱን ይተዉትና በሩን ሙሉ ቀዝቃዛ ላይ ይቆልፉታል፤ ማቆሚያ አይኖረውም። ለፍተሻ ግን ጥሩ ነው። ዝቅተኛው ላይ በደንብ ቀዝቅዞ 22 ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ጋዙም ኮምፕረሰሩም ደህና ናቸው፤ ወደ ሴንሰሩና ወደ በሩ ሂዱ።

«በክረምት መስታወቱ ጉም የሚይዘው ለምንድን ነው?» ብዙ ጊዜ የውስጥ አየር ማዞሪያው እንደበራ ስለሚረሳ። የተሳፋሪው ትንፋሽና የእርጥብ ልብሱ ውሃ መውጫ ያጣል። የውጭ አየር ክፈቱ፣ ኤሲውን አብሩ፣ ዲግሪውን ከፍ አድርጉ። ኤሲውን በድንገት ካጠፋችሁት ኢቫፖሬተሩ ላይ የቀረው ውሃ ተመልሶ መስታወቱ ላይ ይመጣል። የተሳፋሪው እግር ሥር ውሃ ከተጠራቀመ ደግሞ የኢቫፖሬተሩ ማፍሰሻ ቱቦ በጭቃ ተደፍኗል፤ ከሥር ሆናችሁ አጽዱት።

«የኤሌክትሪክ መኪናስ?» በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየጋራዡ አለ። የሴንሰሮቹ ነገር ያው ነው፤ ሶፍቱም መልቲሜትሩም ይሠራሉ። የሚለየው ሙቀቱ ከሞተር ውሃ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ከሂት ፓምፕ መምጣቱ ነው። በብዙዎቹ ጋዙ ባትሪውንም ያቀዘቅዛል፤ ፈጣን ቻርጅ ላይ ሆኖ ጋቢናው ቢሞቅ መኪናው ባትሪውን አስቀድሞ ሊሆን ይችላል። ኮምፕረሰሩ ቺንጋ የለውም፣ የሚሠራው በመቶዎች ቮልት ነው። ብርቱካናማውን ሽቦ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። ዘይቱም ሌላ ነው። ለነዳጅ መኪና የምትጠቀሙበት ፓግ የተባለው ዘይት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ትንሽ እንኳ ከገባ መኪናው የኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለ ብሎ ኮምፕረሰሩን ሊዘጋው ይችላል። አምራቹ ያዘዘውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፒኦኢ (POE) የሚባለውን ዘይት ብቻ አድርጉ፤ በነዳጅ መኪና ላይ የዋለ የጌጅ ቱቦና መሙያ ማሽንም የቀረበትን ዘይት ሳታጥቡ አትሰኩበት።